ንድፉ የሚሰነጠቅበት ቦታ፦ «ፍልስፍና በሥዕል አይማርም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ፍልስፍናን በሥዕላዊ ንድፍ ማስተማርን አጥብቆ የሚነቅፍ ጽሑፍ በቅርቡ አነበብኩ። ጸሐፊው በጉዳዩ ብዙ የቆዩ ሰው መሆናቸው ከአገላለጻቸው ያስታውቃል፤ ለጥራዝ ነጠቅነት ያላቸውን ጥላቻም ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ። ሆኖም ለዓመታት ተማሪዎችን ይዤ ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ሰው በመሆኔ፣ አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ጽሑፉ የሚነቅፈው የማስተማሪያ ዘዴን ብቻ ሳይሆን የማሰቢያ ዘዴንም ነው።

ላላነበቡት ያህል ሐሳቡን በአጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት ፍልስፍና የቃል ሥራ ነው፤ ሥዕል «አይደለም» ወይም «ቢሆን ኖሮ» ማለት አይችልም። ታላላቅ ፈላስፎችም ሐሳባቸውን በቃል እንጂ በሥዕል አላስተላለፉም። ንድፍ ነገርን ያቃልላል፤ ተማሪው ሳጥኖቹን ሸምድዶ ሙግቱን ይረሳል። በወረቀት ላይ ያለው ላይና ታች፣ መሃልና ዳር ፈላስፋው ያላለውን ትርጉም በስውር ያስገባል። በመጨረሻም፣ ንድፍ ያለቀለት ነገር ስለሚመስል ክርክርን ይዘጋል። ከእነዚህ አምስት ክሶች አንዱን በከፊል እቀበላለሁ፤ አንዱን ደግሞ ከጸሐፊውም በላይ አጠብቀዋለሁ። የቀሩት ግን ሲመረመሩ ውሃ አያነሱም።

«ሥዕል አይደለም ማለት አይችልም» ከሚለው ልጀምር። ስለ ሥዕል ከሆነ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። የዛፍ ሥዕል ዛፍን ያሳያል። «እዚህ ቦታ ዛፍ የለም» ለማለት ባዶ ሜዳ ብንስል ግን ተመልካቹ የጎደለው ዛፍ ይሁን ቤት፣ ፈረስ ይሁን ወንዝ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ንድፍ ግን ከሥዕል ይለያል። ሥዕል የሚነበበው በመመሳሰል ነው፤ ንድፍ የሚነበበው አስቀድሞ በተነገረ ሕግ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1880 ባቀረበው ዘዴ ሁለት ክበቦች ተደራርበው ይሰመራሉ። አንዱ የሰዎች፣ ሌላው ዘላለም የሚኖሩ ነገሮች ክበብ ነው እንበል። የሚደራረቡበትን ክፍል ማጥቆር ማለት «ዘላለም የሚኖር ሰው የለም» ማለት ነው። ጥቁሩ ቀለም «የለም» የሚለውን ቃል ያህል ግልጽ ነው፤ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ሌላ ነገር ሊያነብበት አይችልም።

አሜሪካዊው ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ባዳበረው ሥርዓት ከዚህም ርቆ ሄደ። በእርሱ ሥርዓት በወረቀቱ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ተብሎ የተነገረ ነው፤ በተዘጋ መስመር የተከበበ ነገር ደግሞ የተካደ ነው። አሁን «ዘንቧል» የሚለውን ጽፈን፣ አጠገቡ «መሬቱ ርሷል» የሚለውን በትንሽ ቀለበት እንክበበው፤ ከዚያም ሁለቱን አንድ ላይ በትልቅ ቀለበት እንክበባቸው። ሲነበብ «ዘንቦ መሬቱ ሳይርስ የቀረበት ሁኔታ የለም» ይሆናል፤ ማለትም «ከዘነበ መሬቱ ርሷል» ነው። ጸሐፊው ንድፍ ሊናገረው አይችልም ያሉት «ቢሆን» ይኸው በሁለት ቀለበቶች ተነገረ። ፐርስ ይህን ሥርዓት ከሥራዎቹ ሁሉ ቁንጮ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። የሥነ አመክንዮ ተመራማሪዋ ሱን ጁ ሺን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመችው ሥራ፣ በቬን ክበቦች ላይ የተመሠረተ ንድፍ ሕጎቹ በትክክል ከተደነገጉለት ከእውነት ተነስቶ ወደ ሐሰት እንደማያደርስ፣ በክልሉ ውስጥ የሚከተለውንም ድምዳሜ ሁሉ ለማውጣት እንደሚበቃ አረጋግጣለች። ይህ ከቃል ወይም ከምልክት ሥነ አመክንዮ የምንጠይቀው መመዘኛ ራሱ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፣ ሁልጊዜም ስለሚያስደንቀኝ። ሉድቪግ ቪትገንስታይን እ.ኤ.አ. በ1921 በታተመው «ትራክታተስ» ውስጥ ዓይንን ከእይታ መስኩ ጋር የሚያሳይ ትንሽ ንድፍ አስገብቷል። ያስገባው ግን የእይታ መስክ እንዲህ ያለ ቅርጽ የለውም ለማለት ነው። ማንም ሰው ራሱን በሚያየው ነገር ውስጥ እንደ አንድ ነገር አያገኘውም። ዓይንን በሚያየው መስክ ውስጥ አድርጎ የማሰብን ስሕተት በቃል ብቻ ለመንቀፍ መጀመሪያ አንባቢው ስሕተቱን በዓይነ ልቡናው እንዲያይ ማድረግ ያስፈልጋል። ቪትገንስታይን ስሕተቱን ሳለውና «አይደለም» አለ።

የምቀበለው ነገር አለ። «ምናልባት»፣ «በአንድ በኩል»፣ «እንደ ማለት ነው» የሚሉት የጥንቃቄ ቃላት በመስመርና በቀስት በቀላሉ አይነገሩም። ለዚህ ከቀስቱ አጠገብ ቃል ይጻፋል። ንድፍ ብቻውን ይብቃ ያለ አስተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው ክስ፣ ታላላቆቹ አልሳሉም የሚለው፣ በታሪክ የሚፈታ ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ጸሐፊውን አይደግፍም። ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1647 ለ«የፍልስፍና መርሆዎች» የፈረንሳይኛ ትርጉም በጻፈው መቅድም ፍልስፍናን በሙሉ በዛፍ መስሎታል፤ ሥሩ ሜታፊዚክስ፣ ግንዱ ፊዚክስ፣ ቅርንጫፎቹ ሕክምና፣ መካኒክስና ሥነ ምግባር ናቸው። ጎትሎብ ፍሬገ ዘመናዊውን ሥነ አመክንዮ የወለደውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1879 ሲያሳትም፣ የፈጠረው አጻጻፍ እንደ ተራ ጽሑፍ በአንድ መስመር የሚሄድ ሳይሆን ወደ ጎንም ወደ ታችም የሚዘረጋ ንድፍ ነበር። በቻይና የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ዡ ዱንዪ ስለ ታላቁ ፍጻሜ የጻፈው አጭር ጽሑፍ የአንድ ንድፍ ማብራሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለዘመናት የተሠራው የኒዮ ኮንፊሽየስ ፍልስፍና ከዚያ ንድፍ ጋር ሲነጋገር ኖሯል። ኮሪያዊው ዪ ሁዋንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1568 የሕይወቱን ትምህርት ገና ወጣት ለነበረው ለንጉሥ ሶንጆ ለማስረከብ ሲነሳ አሥር ንድፎችን አዘጋጀ። አንዳንዶቹን ከቀደምት ሊቃውንት ወሰደ፤ ሌሎቹን ራሱ ነደፈ፤ ለእያንዳንዳቸውም ጽሑፍና ማብራሪያ አያያዘላቸው። የመጀመሪያው የዡ ዱንዪ ንድፍ ነው። ይህ ሰው ያዘጋጀው ንጉሡ ዕለት ዕለት እያየ የሚያሰላስልበትን ነው። በዘመኑ ከነበሩት ሊቃውንት ግንባር ቀደም የነበረ ሰው ለአንድ አገር ገዢ የሚሰጠውን ትምህርት በንድፍ ሲያዋቅር፣ «ታላላቆቹ በሥዕል አላስተላለፉም» የሚለው ፍርድ ቸኩሏል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን «ሜኖን» የተባለው የፕላቶ ንግግር ነው። ሶቅራጥስ አንድ ያልተማረ ልጅ ፊት አራት ማዕዘን ይስላል፤ ጎኑ 2 ጫማ፣ ስፋቱ 4 ካሬ ጫማ ነው። እጥፉን፣ ማለትም 8 ካሬ ጫማ የሚሆነውን አራት ማዕዘን ጎን ይጠይቀዋል። ልጁ ጎኑን እጥፍ አድርገን 4 እንበለው ይላል። ሶቅራጥስ ይስለዋል፤ 16 ይመጣል። ልጁ 3 ይላል፤ 9 ይመጣል። ልጁ አሁን ይጨንቀዋል፤ አላውቅም ይላል። ንግግሩን ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ያነበበ ሰው እንኳን የሚያልፋት አንዲት አረፍተ ነገር እዚህ አለች፤ ሶቅራጥስ ልጁን፣ በቁጥር መናገር ካልፈለግህ ከየትኛው መስመር እንደሚነሳ አሳየን ይለዋል። ለምን አሳየን አለው? ምክንያቱም የሚፈለገው ጎን በሙሉ ቁጥርም ሆነ በክፍልፋይ ሊነገር አይችልም። የመጀመሪያው አራት ማዕዘን ሰያፍ፣ ማለትም ከማዕዘን ወደ ትይዩው ማዕዘን የሚሰመረው መስመር ነው፤ ልጁ ሊቆጥረው አይችልም፣ በጣቱ ግን ሊያሳየው ይችላል። በምዕራቡ ፍልስፍና መጀመሪያ ላይ፣ ስለ ዕውቀት ምንነት በሚደረግ ክርክር መሃል፣ ንድፉ ቁጥር ያቃተውን ተናገረ። ጸሐፊው «ታላላቆቹ» ሲሉ ማንን አስበው እንደሆነ ልጠይቃቸው እወዳለሁ።

ሦስተኛው ክስ፣ ንድፍ ያቃልላል የሚለው፣ በከፊል የምቀበለው ነው። አይቼዋለሁና። በመጀመሪያው ቀን የተዘጋጀ ገበታ ለተማሪዎች ያደልኩባቸው ዓመታት ነበሩ። ፈተና ሲመጣ ሳጥኖቹን በትክክለኛው ቦታ ይስላሉ፤ በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ያለው ቀስት ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ይህን በማመን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ግን የእርሳቸው አይደለም። ያጠፋሁት ንድፍ መስጠቴ ሳይሆን የተጠናቀቀ ንድፍ መስጠቴ ነው። ለተማሪው የደረሰው መልሱ ብቻ ነበር፤ የመጠየቁን ሥራ እኔ ጨርሼበት ነበር። ተማሪው ራሱ ሲነድፍ ምን እንደሚሆን በስፒኖዛ ላሳይ።

የስፒኖዛ «ሥነ ምግባር» እ.ኤ.አ. በ1677፣ ደራሲው በሞተበት ዓመት ታተመ። በጂኦሜትሪ ሥርዓት የተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ ከጥቂት ትንንሽ የጂኦሜትሪ ምሳሌዎች በቀር ንድፍ የለበትም። ጸሐፊውም ይህንኑ ለሙግታቸው ጠቅሰውታል፤ ጂኦሜትሪን የወደደው ፈላስፋ እንኳ ሙግቱን አልሳለም ብለው። እንመልከተው። የመጀመሪያው ክፍል 8 ብያኔዎች፣ 7 አክሲዮሞችና 36 ፕሮፖዚሽኖች አሉት። አክሲዮም የሚባለው ያለ ማረጋገጫ የሚወሰድ መነሻ፣ ፕሮፖዚሽን የሚባለው ደግሞ ማረጋገጫ የሚቀርብለት ዓረፍተ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ማረጋገጫ ውስጥ ስፒኖዛ «በፕሮፖዚሽን ይህን ያህል መሠረት» እያለ ወደ ኋላ ይጠቁማል። እያንዳንዱ ጥቆማ ቀስት ነው። መጽሐፉ ገጽ በገጽ ሲነበብ ገመድ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን መረብ ነው፤ መረቡን የሸመነውም ስፒኖዛ ራሱ ነው። የኅትመት ገጽ መረብን መዘርጋት ስለማይችል በቁጥሮች አጥፎ አስቀመጠው። እኛ የምናደርገው የታጠፈውን መዘርጋት ብቻ ነው።

ተማሪዎቼ እያንዳንዱን ፕሮፖዚሽን በአንዲት ቁራጭ ካርቶን ላይ ይጽፋሉ፤ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋሉ፤ ቀስት የሚያሰምሩትም ስፒኖዛ ራሱ በጠቀሰበት ቦታ ብቻ ነው። ሥራው አድካሚ ነው፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ ከ11ኛው ተነስተን ወደ ኋላ እንሄዳለን። 11ኛው እግዚአብሔር በግድ አለ ይላል። የመጀመሪያው ማረጋገጫው በ7ኛው አክሲዮምና በ7ኛው ፕሮፖዚሽን ላይ ይቆማል። 7ኛው፣ መኖር የሰብስታንስ ተፈጥሮ ነው የሚለው ነው፤ ሰብስታንስ ማለት በራሱ ያለና ለመታሰብ ሌላ ነገር የማያስፈልገው ማለት ነው። 7ኛው በ6ኛው ተቀጥላ፣ ማለትም ከ6ኛው በቀጥታ በሚወጣ ድምዳሜ ላይ ይቆማል፤ ሰብስታንስ በሌላ ነገር ሊገኝ አይችልም በሚለው። 6ኛው በ2ኛው፣ በ3ኛውና በ5ኛው ላይ ይቆማል። 5ኛው ደግሞ አንድ ዓይነት ባሕርይ ያላቸው ሁለት ሰብስታንሶች ሊኖሩ አይችሉም ይላል። ከ5ኛው ካርቶን የሚወጡት ቀስቶች ብዛት ከሩቅ ይታያል፤ ወደ 8ኛው፣ ወደ 12ኛው፣ ወደ 13ኛው፣ ወደ 14ኛው ይዘረጋሉ።

በአንድ ዓመት ሰሌዳውን ስታይ የቆየች አንዲት ተማሪ ተነስታ «ይህች ባትኖርስ?» አለች፤ 5ኛዋንም ካርቶን ነቀለቻት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ወደ 11ኛው የሚወስደው መንገድ ተቆረጠ፤ የእግዚአብሔር ህልውና ማረጋገጫ ወደቀ ብለን ተስማማን። ከኋላ የተቀመጠ ሌላ ተማሪ ግን መጽሐፉን እያገላበጠ «አልወደቀም» አለ። በ6ኛው ተቀጥላ ላይ ስፒኖዛ ሁለተኛ፣ አጭር ማረጋገጫ አክሏል፤ እርሱ የሚያልፈው በ4ኛው አክሲዮምና በ3ኛው ብያኔ እንጂ በ5ኛው አይደለም። አዲስ ቀስት ተሰመረ። 11ኛው ዳነ። 14ኛው ግን፣ ከእግዚአብሔር በቀር ሌላ ሰብስታንስ ሊኖርም ሊታሰብም አይችልም የሚለው፣ 5ኛውን በቀጥታ ይጠራል፤ እርሱን የሚያድን መንገድ ብንፈልግ አጣን። ያን ቀን ተማሪዎቹ በራሳቸው እጅ የደረሱበት ነገር ይህ ነው፦ በስፒኖዛ ሥርዓት «እግዚአብሔር አለ» እና «ከእግዚአብሔር በቀር ሌላ ሰብስታንስ የለም» የሚሉት ሁለት ሐሳቦች ክብደታቸው በተለያየ ምሰሶ ላይ ነው። 5ኛዋ ብትነቀል አንደኛው ይቆማል፣ ሁለተኛው ይፈርሳል።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ላይብኒዝ በ5ኛው ላይ ያነሳውን ተቃውሞ አመጣሁላቸው። ሁለት ሰብስታንሶች አንድ ባሕርይ ተጋርተው በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ ይላል ላይብኒዝ፤ አንዱ «ሀ» እና «ለ» የሚባሉ ባሕርያት፣ ሌላው «ለ» እና «ሐ» የሚባሉ ባሕርያት ቢኖሩትስ? ተማሪዎቹ ተቃውሞው ለምን ያን ያህል እንደሚከብድ ማስረዳት አላስፈለገኝም። የትኛዋን ካርቶን እንደመታ ያዩታል፤ ከእርሷ የተንጠለጠለውንም ያውቃሉ። ቀደም ባሉት ዓመታት ያንኑ ተቃውሞ በቃል ብቻ ሳስተምር «ደህና ሐሳብ ነው» ብለው በማስታወሻቸው ያሰፍሩት ነበር።

ታዲያ ማን ነው ያቃለለው? ከመጽሐፉ አንድም ጥቆማ አልጎደለም። ጂል ላርኪንና ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት ይህን በቅጡ አስቀምጠውታል፤ አንድ ዓይነት መረጃ በተከታታይ ዓረፍተ ነገሮችም በንድፍም ሊቀመጥ ይችላል፤ የሚለያዩት ፍለጋው በሚጠይቀው ድካም ነው። በንድፍ ላይ አብረው የሚያስፈልጉ ነገሮች አብረው ይቀመጣሉ። በ36 ፕሮፖዚሽኖች መካከል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገላበጥ የሚደክም አእምሮ ለመጠየቅ ጉልበት አይተርፈውም።

ወደ አራተኛው ክስ ስመጣ ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ። ቦታ ይናገራል። ከላይ የተቀመጠ የበለጠ፣ ከመሃል የተቀመጠ ዋና፣ በተዘጋ መስመር የተከበበ የተሟላ ይመስላል፤ ነዳፊው ይህን ባያስብ እንኳ። ጸሐፊው ያላነሱትን፣ ከእርሳቸው ምሳሌዎች ሁሉ የሚከፋውን ልጨምርላቸው። ሄግልን ለማስተማር በየሰሌዳው የሚሳለው ሦስት ማዕዘን አለ፤ በሁለቱ ታችኛ ጫፎች ተሲስና (የቀረበው ሐሳብ) አንቲተሲስ (ተቃራኒው)፣ በላይኛው ሲንተሲስ (ሁለቱን የሚያዋሕደው)። ሄግል ዘዴውን በእነዚህ ሦስት ቃላት አልሰየመም። ቀመሩን የተጠቀመበት ጀርመናዊው ፈላስፋ ፊሽቴ ነው፤ ለሄግል ማብራሪያ አድርጎ ያስፋፋው ደግሞ ኋላ የመጣው ሃይንሪሽ ሞሪትስ ኻሊቤውስ ነው። ሄግል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1807 በወጣው «የመንፈስ ፌኖሜኖሎጂ» መቅድም ሕይወት የሌለውን ሠንጠረዥ በነገር ሁሉ ላይ መለጠፍን አምርሮ ነቅፏል፤ ፍልስፍናን በአንድ ምስል ሲገልጽም ክበቦችን የያዘ ክበብ ብሎታል። ሦስት ማዕዘኑ ጫፍ አለው፤ ጫፍ ደግሞ ማለቂያ ነው። ክበብ ጫፍ የለውም። የተሳሳተ ቅርጽ የተሳሳተ ፈላስፋ ያወጣል።

ስምምነቴ ግን እዚህ ላይ ያበቃል። የሄግል ስሕተት የተወለደው በሦስት ቃላት ነው፤ ሦስት ማዕዘኑ የመጣው በኋላ ነው። ቃሉም ንድፉም በእኩል ዋሽተዋል፤ ለቃሉ ማንም «ቃል ይከልከል» አላለም። ሌላም ምስክር አለኝ። ከአሪስቶትል ትምህርት የመነጨው የተቃርኖ አራት ማዕዘን ለዘመናት የሥነ አመክንዮ መማሪያ ነበር። ላይኛው ማዕዘን ላይ «ሁሉም» የሚለው፣ ከሥሩ «አንዳንዱ» የሚለው ተቀምጦ ከላይ ወደ ታች በሚወርድ መስመር ይገናኛሉ፤ ሁሉም ከሆነ አንዳንዱም ነው። ነገር ግን «ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ሁሉ ነጭ ነው» እንበል። እንዲህ ያለ ፈረስ በዓለም ላይ ከሌለ፣ በዘመናዊው ሥነ አመክንዮ ዓረፍተ ነገሩ የሚያፈርሰው ነገር ስለማይገኝ እውነት ነው፤ «አንዳንድ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ነጭ ነው» ግን ሐሰት ነው። መስመሩ ተበጠሰ። አራት ማዕዘኑ የምንናገርለት ነገር አለ የሚል ግምት ደብቆ ይዞ ነበር። ይህን ግምት የደበቀው ንድፉ ብቻ ነበርን? በቃል የተጻፉት መማሪያዎችም ያንኑ ግምት ይዘው ነበር። በንድፉ ላይ ግን ስሕተቱ አድራሻ አለው፤ «ይህ መስመር» ብሎ በጣት መጠቆም ይቻላል።

ለዚህ በክፍሌ ያለው ሕግ አጭር ነው። በሰሌዳ ላይ ያለ እያንዳንዱ ምልክት እንደ ዓረፍተ ነገር ጮክ ተብሎ ይነበባል። ቀስቱ «ይከተላል» ነው ወይስ «ያስከትላል»፣ «ያስረዳል» ነው ወይስ «ይቀድማል»? ሊነበብ ያልቻለ ይጠፋል። አንዱ ከሌላው በላይ የተቀመጠበት ምክንያት ካልተነገረ ጎን ለጎን ይደረጋል። አንድን ሥርዓትም ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቅርጾች እናስነድፋለን፤ በዛፍና በመረብ፣ በመስመርና በክበብ። ሁለቱ የማይስማሙበት ቦታ ላይ ወደ ጽሑፉ እንመለሳለን፤ ከዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የፈላስፋው እውነተኛ ችግር ተቀምጦ እናገኘዋለን።

የመጨረሻው ክስ ንድፍ ክርክርን ይዘጋል የሚለው ነው። እዚህ ጸሐፊው ፕላቶን ሊጠሩብኝ ይችሉ ነበር፤ አለመጥራታቸው ገርሞኛል። በ«ፖሊቴያ» 6ኛ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ፕላቶ የሒሳብ ሊቃውንት የተሳሉ ቅርጾችን ይጠቀማሉ፣ ሐሳባቸው ግን ስለ ራሱ ስለ አራት ማዕዘኑና ስለ ራሱ ስለ ሰያፉ እንጂ ስለተሳለው አይደለም ይላል። በምስል መደገፉንም የዚህ ዕውቀት ጉድለት አድርጎ ከከፍተኛው ዕውቀት በታች ያስቀምጠዋል። በእኔ ላይ የሚነሳ ብርቱ ቃል ነው። ግን ፕላቶ ይህን የሚናገረው እንዴት ነው? አንድ መስመር ውሰድ ብሎ ነው።

መስመሩን በሁለት እኩል ያልሆኑ ክፍሎች ቁረጠው ይላል፤ አንዱ የሚታየው ዓለም፣ ሌላው በአእምሮ የሚታወቀው ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል በዚያው ምጥጥን እንደገና ቁረጠው። አራት ክፍሎች ይወጣሉ፤ በሥር ጥላዎችና ነጸብራቆች፣ ቀጥሎ የሚታዩት ነገሮች፣ ቀጥሎ የሒሳብ ሊቃውንት የሚያስቡበት ክፍል፣ በራስ ላይ ፕላቶ ኢዴያ የሚላቸው፣ በአእምሮ ብቻ የሚታወቁት የነገሮች ምንነቶች። ግልጽነት ከታች ወደ ላይ እየጨመረ ይሄዳል።

ይህን በቃል ያነበበ ሰው ተረድቻለሁ ብሎ ገጹን ይገልጣል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲያ ነበርኩ። እስቲ 9 ሴንቲሜትር መስመር አስምሩ። በ1 ለ2 ምጥጥን ሲቆረጥ 3 እና 6 ይሆናል። 3ቱ በዚያው ምጥጥን ሲቆረጥ 1 እና 2 ይሆናል፤ 6ቱ 2 እና 4። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ 1፣ 2፣ 2፣ 4 ነው። መሃል ያሉት ሁለቱ ክፍሎች እኩል ናቸው። ምጥጥኑን ምንም ብታደርጉት እኩል ይሆናሉ፤ ከአከፋፈሉ የሚመጣ ግዴታ ነው። የክፍሎቹ ርዝመት የግልጽነት መለኪያ ከሆነ ግን የሚታዩት ነገሮችና የሒሳብ ሊቃውንቱ ክፍል እንዴት እኩል ይሆናሉ? ፕላቶ ስለዚህ እኩልነት አንድ ቃል አይናገርም። አንዳንድ ተንታኞች ሳያስበው የመጣ የጂኦሜትሪ ውጤት ነው ይላሉ። ሌሎች ሆን ብሎ ያስቀመጠው ነው ይላሉ፤ የሒሳብ ሊቃውንት የሚጠቀሙባቸው የተሳሉ ቅርጾች ከሁለተኛው ክፍል የተወሰዱ የሚታዩ ነገሮች ናቸውና፣ ሁለቱ ክፍሎች ያንኑ ነገር በሁለት ዓይን የሚያዩ ናቸው በማለት። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ የከፈተውም መስመሩ ነው።

ይህን ለተማሪዎቼ አልነግራቸውም። ማስመሪያና እርሳስ ይዘው ይሠራሉ። ብዙዎቹ መሃል ላይ ሁለት እኩል ክፍሎች ሲያገኙ የተሳሳቱ መስሏቸው ያጠፉና ደግመው ይለካሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ከለኩ በኋላ እርሳሱን ያስቀምጡና መጽሐፉን ይከፍታሉ።